ከአይጥ እስከ ቆርቆሮ፦ የድመት ምግብ ረጅም ታሪክ

ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር ወገናችን ወደ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሲገባ ለድመት ብቻ የተዘጋጀ ምግብ መደርደሪያ ሞልቶ ያገኛል። አዲስ አበባም ከውጭ የሚመጣው ደረቅና የታሸገ የድመት ምግብ በትልልቅ ሱቆች መታየት ከጀመረ ቆይቷል። በየማሸጊያው ላይ ስለ ጤና፣ ስለ ጥራት፣ ስለ ተፈጥሮ ብዙ ተጽፏል። ገዢው ግን የትኛው ቃል እውነት፣ የትኛው የገበያ ማማለያ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ስለ ድመት አመጋገብ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከዚህም ከዚያም የለቃቀምነውን ነው። ወተት ትወዳለች፣ ዓሣ ሲሸታት አታርፍም፣ አይጥ ካገኘች ሌላ አትሻም እንላለን። እነዚህን ቁርጥራጮች አንድ ላይ የሚያያይዝ ረጅም ታሪክ አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች የተገኙት ድመቶች ታውረው፣ ልባቸው ደክሞ፣ ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ነው። ለድመቱ ጥሩ ምግብ መምረጥ የሚፈልግ ሰው ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ቢያውቅ ማንም ማስታወቂያ አያታልለውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ10,000 ዓመታት በፊት፦ በጐተራው ዙሪያ

የሰው ልጅ በመካከለኛው ምሥራቅ ስንዴና ገብስ ማምረት ሲጀምር እህሉን ማከማቸት ግድ ሆነበት። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ የበዛበት ቦታ ደግሞ የዱር ድመትን ሳበ። ይህች የዱር ድመት ዛሬም በአፍሪካና በምዕራብ እስያ፣ በአገራችንም ጭምር ትኖራለች። በ2007 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት በዓለም ላይ ያሉት የቤት ድመቶች ሁሉ ከእርሷ ወገን የተገኙ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ሰውና ድመት የተዛመዱት በዚህ መንገድ ነው። ገበሬው እህሉ ከአይጥ ተረፈለት፤ ድመቷም ሳትደክም የምታድነው አገኘች። ዝምድናው ምን ያህል እንደጠነከረ የሚያሳይ ማስረጃ በቆጵሮስ ደሴት ተገኝቷል። ሺሉሮካምቦስ በተባለው ጥንታዊ መንደር ከ9,500 ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ሰው ሲቀበር በአጠገቡ ድመት አብራ ተቀብራለች። በቆጵሮስ የዱር ድመት ስላልነበረ ይህችን ወይም ቅድመ አያቶቿን በጀልባ ያሻገራቸው ሰው መሆን አለበት።

በዚያ ዘመን ድመትን ማንም አልቀለባትም። ምግቧን ራሷ አደነች፤ አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት። የአይጥ ሰውነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውኃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲንና ቅባት ሲሆን ከእህልና ከስኳር የሚገኘው ዓይነት ኃይል ሰጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ2011 የወጣ ጥናት ባለቤት የሌላቸው ድመቶች አድነው የሚበሉትን መርምሮ፣ ከሚያገኙት ኃይል ከመቶው 52 ከፕሮቲን፣ 46 ከቅባት፣ 2 ብቻ ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አስልቷል። ሆዷ፣ ጉበቷ፣ ኩላሊቷ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የለመዱት ይህንኑ ነው። ከበረሃ ወገን በመሆኗም ውኃ ፈልጋ መጠጣት እምብዛም አትወድም፤ ጥሟን የምታረካው በአብዛኛው ከሚታደነው ሥጋ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ሥጋውንና ውኃውን፣ አንባቢ ይያዛቸው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ችግር የሚነሣው ከእነርሱ ነው።

ጥንታዊት ግብፅ፦ የመጀመሪያው ማዕድ

ድመትን ሰው ሆን ብሎ ሲመግብ በጽሑፍ ከተመዘገበባቸው ቀደምት አገሮች አንዷ ግብፅ ናት። ግብፃውያን ባስቴት የተባለችውን አምላክ በድመት አምሳል ያመልኩ ነበር፤ ቡባስቲስ የተባለችው ከተማም የአምልኮዋ ማዕከል ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ግብፅን የጎበኘው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ለድመቶቹ ዳቦ በወተት እየተፈተፈተ እንደሚቀርብ፣ ወይም ከዓባይ የተጠመደ ዓሣ በጥሬው እየተቆረጠ እንደሚሰጣቸው ጽፏል። አንድ ሮማዊ ድመት በመግደሉ ሕዝብ ተነሥቶበት ሲገደል በዓይኑ ማየቱንም መዝግቧል።

ስለዚህ ወተትና ዓሣ የድመት ምግብ ናቸው የሚለው እምነት ቢያንስ ሁለት ሺህ ዓመት አስቆጥሯል። የግብፅ ድመቶች ግን በዳቦና በወተት ብቻ አልኖሩም። ጐተራው ክፍት ነበር፤ አይጡም ነበረ። ሰው የሰጣት ሁሉ በራሷ አደን ላይ የሚታከል ነበር እንጂ የሚተካው አልነበረም። የሚሰጣት ምግብ ቢጎድለው እንኳ ጉድለቱን አይጥ ይሞላው ነበር። ይህ ሁኔታ ከግብፅ ዘመን በኋላም በመርከብም፣ በገዳምም፣ በገበሬ ቤትም ብዙ መቶ ዓመታት ዘለቀ። በኢትዮጵያ ገጠር ዛሬም ያልተለወጠ ነው። በጾም ወቅት ሽሮ የተቀባ እንጀራ ብቻ የሚጣልላት የገበሬ ድመት ጤናማ ሆና የምትከርመው በሽሮው ምክንያት አይደለም፤ ማታ ማታ ከጐተራው ሥር በምትይዘው ነው።

1850ዎቹ እስከ 1914፦ የለንደን ሥጋ አዟሪዎች

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው በከተማ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን በዓለም ላይ ትልቋ ከተማ ነበረች። ድመት በየቤቱና በየሱቁ ሞልታለች፤ አይጥ ግን ለሁሉም አይደርስም። በዚህ ጊዜ አዲስ ሥራ ተፈጠረ። ለድመት ሥጋ የሚያዞሩ ነጋዴዎች በየመንደሩ መታየት ጀመሩ።

ሥጋው የፈረስ ነበር። ያን ጊዜ የለንደን መጓጓዣ ሁሉ በፈረስ ስለሚሠራ በየቀኑ ብዙ ፈረስ ያረጃል፣ ይሞታል። ሬሳው ወደ ማረጃ ስፍራ ይወሰዳል፤ ሥጋው በትልልቅ ገንዳ ይቀቀላል፤ ከዚያ አዟሪዎች ገዝተው ይቆራርጡትና በእንጨት ላይ እየሰኩ በሳንቲም ይሸጡታል። ሄንሪ ሜይሂው የተባለው ጋዜጠኛ በ1851 በወጣው የለንደን ሠራተኞችና ድሆች መጽሐፉ ይህን ንግድ በዝርዝር አስፍሮታል። ድመትን መመገብ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖ ከታየባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ ይኸው ነው።

በዚሁ ዘመን የድመት ክብርም ከፍ አለ። ሃሪሰን ዌይር የተባለ ሠዓሊ በ1871 በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ትልቅ የድመት ትርኢት አዘጋጀ። ‹አቢሲኒያን› የሚባለው ዝርያ ስምም ያኔ ነው መሰማት የጀመረው። ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ በ1868 ‹ዙላ› የተባለች ድመት ከአገራችን ወደ እንግሊዝ ተወስዳለች ተብሎ ይተረካል፤ የዘረመል ጥናቶች ግን የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታሉ። ዝርያ የሚቆጥርና ለድመቱ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ሲበዛ ለምግቧ የሚከፍለውም በዛ።

ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1860 ገደማ በለንደን ለውሻ የሚሆን ብስኩት ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ከመርከበኞች ደረቅ ብስኩት ያገኘው ሐሳብ ነበር። በፋብሪካ የሚመረት የቤት እንስሳ ምግብ ኢንዱስትሪ መነሻው ይህ ነው። መነሻው ውሻ መሆኑን ልብ ይሏል። ውሻ ሥጋም እህልም አዋሕዶ መኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ አምራቾችና ባለቤቶች ድመትን እንደ ትንሽ ውሻ አድርገው ቆጠሯት፤ ዋጋውንም ድመቶቹ ከፈሉ።

1922 እስከ 1945፦ የቆርቆሮ ዘመንና የዶክተር ፖተንገር ድመቶች

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ መኪናና ትራክተር የፈረስን ሥራ ተረከቡ። በአሜሪካ ሥራ የፈታ ፈረስ በዛ። በ1922 በኢሊኖይ ግዛት በሮክፎርድ ከተማ የቻፕል ወንድማማቾች ኩባንያ የፈረስ ሥጋ በቆርቆሮ እያሸገ ለውሻ ማቅረብ ጀመረ። በ1930ዎቹ ደግሞ በካሊፎርኒያ ወደብ ያሉ የዓሣ ፋብሪካዎች ከሰው ምግብ የተረፈውን ዓሣ ለድመት አሽገው መሸጥ ጀመሩ። የቆርቆሮ ምግብ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ እርጥብ ነው፤ ለአይጥ ሰውነት የሚቀርብ ውኃ አለው።

በዚሁ አሥር ዓመት ፍራንሲስ ፖተንገር የተባለ የሰው ሐኪም በካሊፎርኒያዋ ሞንሮቪያ አንድ ነገር አስተዋለ። ለምርምር የሚያረባቸው ድመቶች የሚመገቡት የተቀቀለ የሥጋ ፍርፋሪ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ብዙዎቹ ይሞቱበታል። የድመቶቹ ቁጥር ሲበዛና የተቀቀለው ሲያልቅበት ለከፊሎቹ ጥሬ ሥጋ ሰጠ። ጥሬ የበሉት ተሽለው ተገኙ። ከ1932 እስከ 1942 ድረስ በ900 ያህል ድመቶች ላይ ክትትሉን ቀጠለ። የተቀቀለ የበሉት ከትውልድ ትውልድ እየደከሙ፣ ግልገሎቻቸው እየሞቱ ሄዱ።

ፖተንገር ጉዳዩ የማብሰል ጉዳይ መሰለው፤ ዛሬም ጥሬ ምግብ ለሰውም ለእንስሳም ይሻላል የሚሉ ሰዎች ስሙን ይጠራሉ። እርሱ በሚሠራበት ዘመን ግን አንዲት ንጥረ ነገር ለድመት የግድ መሆኗ ገና አልታወቀም ነበር። ሥጋ ሲቀቀል በውኃ የሚሟሟ ንጥረ ነገር ከመረቁ ጋር ይወጣል፤ መረቁ ሲደፋ አብሮ ይጠፋል። በኋላ የመጡ ብዙ ባለሙያዎች ለፖተንገር ድመቶች ጥፋት ዋነኛ ተጠርጣሪ ያደረጉት ይህንኑ ነው። መልሱ እስኪታወቅ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ማለፍ ነበረበት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ ቆርቆሮውን ለሠራዊቷ ፈለገችው፤ ለእንስሳ ምግብ ማሸጊያ የሚሆን አልተገኘም። አምራቾቹ ወደ ደረቅ ምግብ ዞሩ። ይህ በጦርነት የተገደደ ለውጥ ከጦርነቱ በኋላ ቋሚ ሆነ።

1947 እስከ 1960ዎቹ፦ ድመት ከደጅ ወደ ቤት

የዚህ ታሪክ ከሁሉም የሚበልጠው ማጠፊያ ከምግብ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም። በ1947 በሚሺጋን ግዛት በካሶፖሊስ ከተማ ኤድ ሎው የተባለ ወጣት ነጋዴ ለድመት መጸዳጃ አመድና አሸዋ ይጠቀሙ ለነበሩ ሰዎች እርጥበት የሚመጥ የደረቀ ሸክላ አፈር አቀረበ። ከረጢቱን በ65 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ሽታ የሚያጠፋ፣ ወለል የማያቆሽሽ ነገር ሲገኝ ድመትን ሌት ተቀን ቤት ውስጥ ማኖር ተቻለ።

ይህ ለድመቷ ደኅንነት በጀ፤ መኪናም ውሻም አይገድላትም። ነገር ግን ከአይጥ ጋር ያላትን የአሥር ሺህ ዓመት ትስስር በጠሰው። ከእንግዲህ የምትበላው ሰው የሚሰጣትን ብቻ ሆነ። እስከዚያ ድረስ አደን ይሞላው የነበረው ጉድለት ሁሉ ሳይሞላ ቀረ።

በዚሁ ጊዜ ፋብሪካው ደግሞ አዲስ አሠራር አመጣ። ራልስተን ፑሪና የተባለው ኩባንያ ለቁርስ እህል ይጠቀምበት የነበረውን መሣሪያ ለውሻ ምግብ አዋለው፤ ምርቱንም በ1957 ገበያ ላይ አወጣ። ሊጡ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ይነፋል፤ ደርቆ ይጠጥራል፤ ከዚያ ቅባትና ጣዕም ይረጭበታል። ብዙም ሳይቆይ ለድመትም ተሠራ። ርካሽ ነው፤ አይበላሽም፤ ጠዋት በሳህን አኑሮ ሥራ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ፍሬው እንዲነፋና እንዲያያዝ ስታርች የግድ ያስፈልገዋል፤ ውኃውም ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነው። አይጥ የነበራት እርጥበት ሄደ፤ ያልነበራት ስታርች ገባ።

አስጠንቃቂ ምልክቶች ቀደም ብለው ታይተው ነበር። በ1950ዎቹ በአብዛኛው ቱና ዓሣ የሚበሉ ድመቶች የሰውነታቸው ስብ እየቆጣ ሲነኩ ይጮኹ ጀመር፤ ምክንያቱ የቫይታሚን ኢ ጉድለት ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ ዓሣ ደግሞ በጥሬው ሲሰጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር እንደያዘ ታወቀ። ከግብፅ ጀምሮ የተወረሰው ‹ድመትና ዓሣ› የሚለው እምነት ገደብ እንዳለው ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

1975 እስከ 1987፦ የጠፋችው ንጥረ ነገር

‹ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ› ይላል የአገራችን ሰው። ሳይንስ ይህን በራሱ መንገድ ያረጋገጠው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው።

በ1975 የሃርቫርዱ ተመራማሪ ኬኔት ሄይስና ባልደረቦቹ ‹ሳይንስ› በተሰኘው መጽሔት አንድ ግኝት አወጡ። ፕሮቲኑ ሁሉ ከወተት የወጣ ኬዚን የሆነ ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች የዓይናቸው ሬቲና እየሞተ ታወሩ። የጎደላቸው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ነበር። ታውሪን በ1827 ከበሬ ሐሞት የተለየ፣ በሥጋ፣ በልብ፣ በዓሣ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነው። ሰውና ውሻ ከሌላ ንጥረ ነገር ራሳቸው ይሠሩታል። ድመት ግን የሚበቃትን አትሠራም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የውሻ ምግብ ብቻ የሚበሉ ድመቶች በዚሁ መንገድ እንደሚታወሩ ተዘገበ።

በ1978 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ተመራማሪዎች ጄምስ ሞሪስና ኩዊንተን ሮጀርስ ሌላ አስደንጋጭ ነገር አሳዩ። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ የሌለበት አንድ ማዕድ ብቻ የበላች ድመት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደሟ በአሞኒያ ተመርዞ ትወድቃለች። ዝርዝሩ እየረዘመ ሄደ። ድመት ካሮትን ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ አትችልም፤ ከጉበትና ከሌላ የእንስሳ አካል ተዘጋጅቶ ማግኘት አለባት። ከቅባት አሲዶችም አንዱን ከእንስሳ ብቻ ታገኛለች። ቆየት ብሎ በ2005 የፊላደልፊያው ሞኔል ማዕከል ሳይንቲስቶች ድመት ጣፋጭ ነገር የማትቀምሰው ጣዕሙን የሚለየው ዘረመሏ ስለተበላሸ መሆኑን ደረሱበት።

ይሁን እንጂ ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ1987 ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ድመቶች የልብ ጡንቻቸው እየሳሳና እየተለጠጠ በልብ ድካም ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞችም መድኃኒት የሌለው በሽታ አድርገው ተቀብለውት ነበር። በዴቪስ የሚሠራው ወጣት የልብ ሐኪም ፖል ፒዮን የዓይኗ ሬቲና የተጎዳ የልብ ሕመምተኛ ድመት ሲመጣበት ሁለቱን አገናኘ። ደማቸውን ሲመረምር ታውሪናቸው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ አገኘው። ታውሪን ሲጨመርላቸው ሊሞቱ የነበሩ ድመቶች ልባቸው ተመለሰ። ውጤቱ በነሐሴ ወር በ‹ሳይንስ› ታተመ።

እጅግ አሳሳቢው ነገር እነዚህ ድመቶች የቤት ፍርፋሪ የሚበሉ አለመሆናቸው ነበር። የታወቁ የፋብሪካ ምግቦችን፣ በጊዜው የነበረውን መመዘኛ ያሟሉትን ጭምር ይበሉ ነበር። ታውሪኑ በወረቀት ላይ በቂ ነው፤ ነገር ግን ቆርቆሮው ሲታሸግ የሚደርስበት ሙቀት ፕሮቲኑን ስለሚለውጠው በአንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ታውሪኑን እያፈረሱ ያባክኑታል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውና ለድመቷ ሰውነት የሚደርሰው የተለያዩ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ አምራቾች ታውሪን ጨመሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለድመት የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ሲያወጣ ለደረቅ ምግብ ከመቶ 0.1፣ ለታሸገው ደግሞ እጥፉን፣ ከመቶ 0.2 ታውሪን እንዲኖረው ወሰነ። ያ የልብ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብርቅ ሆነ። ዛሬ በማሸጊያ ላይ ‹ታውሪን› የሚለው ቃል የሚነበበው በእነዚያ ድመቶች ሞት ምክንያት ነው።

1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ፦ አንዱ ሲጠገን ሌላው ሲፈርስ

ከልቡ ሌላ በዚሁ ዘመን ሽንትም አስቸገረ። ደረቅ ምግብ በልተው ጥቂት ውኃ የሚጠጡ ድመቶች ሽንታቸው እየወፈረ ጠጠር ይሠራባቸው ጀመር። በተለይ ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ከተዘጋ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የጠጠር ምርመራ ማዕከል በ1981 ከተመረመሩት የድመት ጠጠሮች ከመቶው 78 ስትሩቫይት የተባለው ዓይነት ሲሆኑ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለው ከመቶ 2 ብቻ ነበር።

ፋብሪካዎቹ ማግኒዚየምን ቀነሱ፤ ምግቡንም ሽንትን አሲዳማ እንዲያደርግ አዘጋጁት። ስትሩቫይት ቀነሰ። ነገር ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ካልሲየም ኦክሳሌት ተነሥቶ በለጠው። ይኼኛው በምግብ አይሟሟም፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ባለሙያዎች በኋላ በብዛት የተስማሙበት መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ለድመቷ ውኃ መመለስ። ከመቶ 75 እና ከዚያ በላይ ውኃ ያለው እርጥብ ምግብ ሽንቱን ያቀጥነዋል። የቤት ድመቶች ውፍረትና የስኳር በሽታም በዚሁ ዘመን እየታየ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሳህኑ የማይጎድልባት፣ ለማደን የማትሮጥ ድመት መወፈሯ አይቀርም።

2007፦ የመተማመን መናጋት

መጋቢት 16 ቀን 2007 መቀመጫውን በካናዳ ኦንታሪዮ ያደረገው ሜኑ ፉድስ ከ60 ሚሊዮን በላይ ቆርቆሮና ከረጢት የድመትና የውሻ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ ጠራ። ድመቶችና ውሾች በኩላሊት መድከም እየሞቱ ነበር። ሕዝቡን ያስገረመው አንድ ፋብሪካ ለብዙ የተለያዩ ስሞች፣ ለርካሹም ለውዱም፣ አብሮ የሚያመርት መሆኑ ነው። በውድ የገዛውም በርካሽ የገዛውም ድመቱ ታመመችበት።

ጥፋቱ የተገኘው ከቻይና በገባ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ነበር። ግሉተኑ ሜላሚን የተባለ የፕላስቲክ ሥራ ኬሚካል ተቀላቅሎበታል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የፕሮቲን መጠን የሚለካው በናይትሮጅን ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የሞላበት ስለሆነ ርካሹን ዱቄት ፕሮቲን የበዛበት ያስመስለዋል። ሜላሚን ሲያኑሪክ አሲድ ከተባለው ጋር ኩላሊት ውስጥ ሲገናኝ ጠጣር ክሪስታል ይሆንና ቧንቧውን ይዘጋል። ለአሜሪካ መንግሥት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከባለቤቶች የደረሱት የሞት ሪፖርቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

በዓመቱ በ2008 ያው ሜላሚን በቻይና የሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኘ፤ 300,000 ያህል ሕፃናት ታመሙ፤ 6 ሞቱ። የድመቶቹ ሞት አስቀድሞ የተሰማ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የሰማው ጥቂት ነው።

ከ2007 ወዲህ፦ ወደ ጥሬው መመለስና አዲሱ አደጋ

ከዚያ በኋላ ብዙ ባለቤቶች ፋብሪካን ማመን ተሳናቸው። ከፊሉ እቤቱ ማብሰል ጀመረ፤ ከፊሉ ‹የጥንቱ አመጋገብ› ብሎ ጥሬ ሥጋ መስጠት ያዘ። ሐሳቡ ከድመት ተፈጥሮ ቢነሣም ሁለት ጉድለት ነበረበት። ያለ ባለሙያ የተቀመመ የቤት ምግብ ታውሪን፣ ካልሲየም ወይም ቫይታሚን ይጎድለዋል፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ሳልሞኔላን የመሰለ ጀርም ያመጣል።

በ2024 አዲስ አደጋ መጣ። በመጋቢት ወር በቴክሳስ በወፍ ጉንፋን የተያዙ ላሞችን ጥሬ ወተት የጠጡ የከብት እርባታ ድመቶች ታመው ከግማሽ በላይ ሞቱ። በዓመቱ መጨረሻ በኦሪገን ግዛት አንዲት የቤት ድመት በበረዶ የቀዘቀዘ ጥሬ የቱርክ ዶሮ ምግብ በልታ በዚሁ ቫይረስ ሞተች። በጥር 2025 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥሬ ዶሮና ወተት የሚጠቀሙ አምራቾች የጥንቃቄ ዕቅዳቸውን ዳግመኛ እንዲመረምሩ አዘዘ። ማቀዝቀዝ ቫይረሱን አይገድልም፤ ማብሰል ግን ይገድላል።

ዛሬ፦ ታሪኩ ለገዢው የሚለው

እስካሁን የተተረከው ሲጠቃለል ፍርዱ ግልጽ ነው። የድመት ምግብ ጥራት የሚለካው በዋጋውም በማሸጊያው ውበትም አይደለም፤ አይጥ ይሰጣት የነበረውን ምን ያህል መልሶ እንደሚሰጥ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑን አገላብጠው ጀርባውን ያንብቡ። መጀመሪያ ምግቡ ‹ለድመት የተሟላና የተመጣጠነ› መሆኑን፣ ለግልገል ይሁን ለአዋቂ የሚገልጸውን ዐረፍተ ነገር ይፈልጉ። ይህ ቃል ከፊት ለፊቱ ካለው ጌጠኛ ቃል ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ስሙ የታወቀ ሥጋ፣ ዶሮ፣ የቱርክ ዶሮ፣ ጉበት ወይም ዓሣ መኖሩን ይዩ። በአሜሪካ በተሸጠ ምግብ ላይ ‹የዶሮ እራት› ማለት ቢያንስ ከመቶ 25 ዶሮ፣ ‹ዶሮ ያለበት› ማለት ከመቶ 3 ብቻ ነው፤ ‹የዶሮ ጣዕም› ደግሞ ጣዕሙ እስከታወቀ ድረስ መጠን አይጠየቅበትም። ‹ፕሪሚየም› የሚለው ቃል ሕጋዊ ትርጉም የለውም። ውኃውንም አይርሱ፤ ደረቅ ብቻ ከሚሰጡ እርጥቡን ያቀላቅሉ።

ገንዘብ የማይፈቅድለት ወይም የታሸገ የማያገኝ ባለ ድመትም ከዚህ ታሪክ የሚጠቀመው አለው። ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳምባ፣ ልብና ትንሽ ጉበት በስሎ ከነመረቁ ሲሰጥ ከደረቅ እንጀራ እጅግ ይሻላል፤ ብቻውን ግን የተሟላ ምግብ ስላልሆነ ድመቷ የማታድን ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ወጥ አይስጡ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ወተት ለብዙ አዋቂ ድመቶች ሆድ አይስማማም። የውሻ ምግብ ለድመት ምግብ አይሆንም። የጾም ወራት ሲገባ ቤተሰቡ ቢጾም ድመቷ ልትጾም አትችልም፤ ሥጋዋን ይግዙላት። ምግብ ሲለውጡም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያድርጉት፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም ካለች ጉበቷ አደጋ ላይ ነውና ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ድመት እህላችንን ከአይጥ ጠብቃ አብራን የኖረች እንስሳ ናት። በር ዘግተን ከአደኗ የለየናት እኛ ነን፤ ስለዚህ የሚገባትን ምግብ መስጠት ግዴታችን ነው።